የአባባ ቀኝ ጉልበት

ዓባያ ሐይቅ ዳር ስንደርስ መኪና የሚቆምበት ቦታ ጠፋ። እኛ የዲላ መምህራን በአንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ታጭቀን፣ ለሽርሽር ብለን፣ ጎህ ሳይቀድ ነው የተነሳነው። ቀድመን የምንደርስ መስሎን ነበር። ለካ ከሐዋሳም፣ ከአዲስ አበባም፣ ከየትም የመጣ ሰው ቀድሞን እዚያው ድንኳን ተክሎ አድሯል። የፕላስቲክ ወንበር፣ እርስ በርስ የሚጯጯኹ ስፒከሮች፣ ጀልባ ላይ ለመውጣት የሚጋፋ ሰልፍ፤ ፈረንጆች ደግሞ ረጃጅም ካሜራቸውን አንግተው ጉማሬ ይጠብቃሉ። አንዷ ወጣት ውሃው ዳር ቆማ ጓደኛዋ "ትንሽ ሳቅ በይ፣ ላይቱ ፐርፌክት ነው!" እያለ ፎቶ ያነሳታል።

ፊቴን አኮሳተርኩ። የሥራ ባልደረባዬ ብርቱካን አየችኝ።

"አስቴር፣ እዚህ ካልሄድን ሞቼ እገኛለሁ ብለሽ የነዘነዝሽን አንቺ አይደለሽም እንዴ? አሁን ምን ሆንሽ?"

እውነቷን ነው። ግን ምን ልበላት? ቦታው የእኔ ነበር ልበላት? ልጅ ሳለሁ አንድ ክረምት እዚህ ኖሬያለሁ። ያኔ እዚህ የነበረው አንድ ፍል ውሃ፣ ጥቂት የሣር ጎጆ፣ ሎኮ የምትባል ሴት፣ የሎኮ ፍየሎች፣ ለመታጠብ የመጡ ጥቂት ሕሙማን፣ እኔና አያቴ ብቻ ነበር። አያቴ አንድ ነገር ተክሎ ሄዷል። እሱ ይኑር አይኑር ለማየት ነው የመጣሁት። ለብርቱካን ግን አልነገርኳትም፤ በዚህ ሁሉ ሰው መሐል አንድ ተክል ፍለጋ መጣሁ ብላት እስከ ሰኔ ድረስ መምህራን ክፍል ውስጥ መሳቂያ ታደርገኛለች።

ፍል ውሃው በሲሚንቶ ታጥሯል። የሎኮ ጎጆ የነበረበት ቦታ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ምግብ ቤት ቆሟል። አያቴ የተከለበት ቦታ ከምግብ ቤቱ ጀርባ መሆን አለበት፤ እዚያ ግን ግንብ ተገንብቷል። አለቀ፣ አልኩ በሆዴ። በሲሚንቶ ሥር ቀርቷል።

ተመልሼ ልሄድ ስል ነፋሱ ዞረ፤ ከወጥ ቤቱ በኩል አንድ ሽታ መጣ። እሳት ላይ የሚለበለብ እርጥብ የእንሰት ቅጠል ሽታ። ይህን ሽታ የጌዴኦ ልጅ አይስተውም፤ በቤታችን ምግብ የሚታሸገውም የሚጠቀለለውም በቅጠሉ ነው። ግን ይህ ቆላ ነው። እንሰት የደጋ ልጅ ነው። እዚህ ምን ይሠራል? ወደ ወጥ ቤቱ በር ሄድኩ።

አያቴን አባባ ነበር የምንለው፤ ስሙ ጅግሶ ነው። ይርጋጨፌ አጠገብ ኮንጋ ከሚባል ቦታ፣ ተዳፋት ላይ፣ ቡናና እንሰት ነበረው። በዚያ ዓመት ቁርጥማት ሁለቱንም ጉልበቶቹን ያዘውና ኑሮው ከአልጋ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ አልጋ ሆነ። ሰዎች "ሐይቁ ዳር ያለው ፍል ውሃ ያድናል" አሉ። አባቴ በመጀመሪያ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን አማከረ፤ አባባ ጌታን ከተቀበለ ወዲህ ወደ ምንጭና ወደ ዛፍ ሥር የሚያስኬድ ነገር ሁሉ ይከብደው ነበርና። ሽማግሌዎቹ ተነጋግረው፣ ጸልየውም፣ "ውሃው ትኩስ ነው እንጂ ሌላ ምንም የለበትም፤ ይሂድ። ብቻ ከመግባቱ በፊት ይጸልይ" ብለው ፈረዱ። አባባ ደግሞ ሽማግሌ ያለውን አያጓድልም። ውሃው አፍ ላይ ቆሞ ሲጸልይ ጸሎቱ ከመርዘሙ የተነሳ፣ ወረፋ የሚጠብቁት ሕሙማን "አሜን! አሜን!" እያሉ ያጣድፉት ነበር።

አብሬው እንድሄድ የተወሰነው እኔ ነኝ። ወንድሞቼ ክረምቱን ኮንጋ ለእርሻ ይፈለጋሉ፤ እኔ ዲላ ቤት ተቀምጬ እናቴን ከማታከት በስተቀር ሥራ አልነበረኝም። እናቴ ጸጉሬን እየሠራችኝ "ዓይንሽን ከአባባ ላይ እንዳትነቅዪ" አለችኝ። እኔም ቃል በቃል ወሰድኩት። መኪናው ላይ ዓይኔን ሳላርገበግብ ሳፈጥበት ቆይቼ በመጨረሻ "ፊቴ ላይ ምን አለ?" ብሎ ፊቱን በጋቢው ጠረገ።

የወሰዱን ጋሽ ከድር ናቸው፤ ከሐይቁ ዓሣ የሚያመላልሱ የዲላ ነጋዴ። አባባ ኤንትሬ የጭነት መኪናቸው ላይ በመጀመሪያ ያስጫነው ራሱን አይደለም፤ አንድ የረጠበ ማዳበሪያ ነው። ጋሽ ከድር ከፍተው አዩ። ሦስት እንሰት፤ ሁለት ትንንሽ ችግኝና አንድ የእኔን ቁመት የሚያክል፣ ሥሩ የወፈረ።

"አባቴ፣ ሊታጠቡ ነው ወይስ ሊያርሱ?"

"ሰው እንሰት ሳይተክል ካደረ እንግዳ ነው" አለ አባባ። "እኔ ሽማግሌ ሰው፣ እንግዳ መሆን አልችልም።" ክርክሩ በዚሁ አበቃ።

አባባ ከእኔ ጋር የሚያወራው በአማርኛ ነበር፤ የእኔ ጌዴኦኛ የከተማ ልጅ ጌዴኦኛ ስለሆነ ያስቀው ነበር። የእሱም አማርኛ በበኩሉ የገበያ አማርኛ ነው። እኔን "ና" ይለኛል፣ በሬውን "ነይ"። ወንድሞቼ ሲስቁ "ሁለቱም ይመጣሉ አይደል?" ይላቸዋል።

ሐይቁን ሳየው አዘንኩ። በትምህርት መጽሐፌ ላይ ሐይቅ ሰማያዊ ነው። ይሄኛው ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። "ማነው ያደፈረሰው?" አልኩት አባባን። በእፍኙ ጨልፎ ቆይቶ አየውና "አፈር ነው" አለ። "ከላይ ዛፉን የቆረጠ ሰው አፈር።" እኔ አንድ ሰው መሰለኝ። ያን ሁሉ ውሃ ብቻውን ያበላሸውን ሰውዬ አንድ ቀን አግኝቼ ልክ አገባዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ሎኮ ወጥታ ተቀበለችን። ጉጂ ናት፤ ረጅም፣ ሳቋ ከሐይቁ ማዶ የሚሰማ። ለሕሙማን ጎጆ ታከራያለች፣ ፍየል ታረባለች፤ ባሏ ዓሣ ያጠምዳል። ከአባባ ጋር በኦሮምኛ ይግባቡ ስለነበር እኔ ግማሹን እየሰማሁ ግማሹን ራሴ እሞላው ነበር። ማዳበሪያው ሲፈታ ግን የሳቋን ትርጉም ማንም መንገር አላስፈለገኝም።

"ይሄን ለፍየሎቼ ነው ያመጣኸው?"

"ለቤቴ ነው።"

"ጅግሶ! እዚህ እኮ ፀሐዩ ድንጋይ ያበስላል። የዚህ አገሩ ደጋ ነው።"

"የእኔም አገር ደጋ ነው" አለ አባባ። "ይኸው መጣሁ።"

ከጎጆው ጀርባ፣ የግራር ጥላ ባለበት፣ በዱላው እየተደገፈ እሱ አሳየኝ፣ እኔ ቆፈርኩ። ሦስቱንም ተከልን። አፈሩን በእግሩ ሊረግጥ ሞክሮ ጉልበቱ እምቢ ሲለው ቁጭ አለና ሳቅ ብሎ "እነዚህ ከቆሙ እኔም እቆማለሁ" አለኝ።

የሽማግሌ ቀልድ ነበር። እኔ ግን ከእናቴ ቃል ቀጥሎ የያዝኩት ሁለተኛው ትእዛዝ ሆነ። በዚያው ሌሊት ተኝቼ ደለደልኳቸው። ትልቁ እንሰት የአባባ ቀኝ ጉልበት ነው፤ የባሰ የሚያመው እሱ ነውና። አንዱ ችግኝ ግራ ጉልበቱ። ሦስተኛው ተረፈኝ፤ እሱን ለወገቡ ሰጠሁት።

ከዚያ በኋላ ሥራ ፈትቼ አላውቅም። ሎኮ ውሃ የሚቀዳበትን ቦታ አሳየችኝ፤ አዞ እንዳይገባ ዙሪያውን ውሃው ውስጥ እሾህ ታጥሯል። "ከዚህ ውጪ እጅህን ካስገባህ እጅህ የአዞ ነው" አለችኝ። እሷም እንደ አባባ "አንተ" ነበር የምትለኝ። በትንሿ ጀሪካን እየተመላለስኩ መጀመሪያ ቀኝ ጉልበቱን፣ ቀጥሎ ግራውን፣ በመጨረሻ ወገቡን አጠጣ ነበር። ጠዋት ስነሳ ሳልታጠብ ሄጄ ቅጠል አያለሁ። ከዚያ ወደ አባባ።

"አባባ፣ ግራህ እንዴት አደረ?"

"ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"አይደለም። ጫፉ ቢጫ ሆኗል።"

አባባ እግሩን ከጋቢው አውጥቶ ወደ ብርሃኑ አዙሮ ያየው ነበር።

ያ ክረምት ደስ ይል ነበር። አሁን ሳስበው ይደንቀኛል እንጂ ያኔ እንደዚያ መኖር ሁሉም ልጅ የሚያገኘው ነገር ይመስለኝ ነበር። ፍል ውሃው የተቀቀለ እንቁላል ይሸታል። ጥግ ላይ ውሃው የሚንተከተክበት ጉድጓድ አለ፤ ሎኮ በቆሎ በጨርቅ ቋጥራ እዚያ ትከተውና፣ ጸሎቱ፣ ወረፋውና መታጠቡ እስኪያልቅ በስሎ ይጠብቀናል። አባባ ከውሃው ሲወጣ ገላው ይጨሳል። ጋቢውን አልብሼው፣ በቆሎ እየፈለፈልን፣ የማያውቃቸው ሕሙማን የማያውቀውን ሕመማቸውን ሲነግሩት እሰማለሁ። ማንንም "ከየት መጣህ" ሳይል "ብላ" ይላል።

የመጀመሪያው አደጋ የደረሰው በግራ ጉልበቱ ነው። አንድ ቀትር የሎኮ ፍየል አጥሩን ጥሳ ችግኙን እስከ ሥሩ ጋጠችው። ወገቡንም አብራ። እየሮጥኩ ጎጆ ስገባ አባባ ተኝቷል። ሞቶ ይሆን ብዬ ደንግጬ፣ ግራ ጉልበቱን ገልጬ፣ እያለቀስኩ በሁለት እጄ አሸው ጀመር። ነቅቶ "ምን ሆንክ?" ሲለኝ ሁሉንም ዘረገፍኩለት፤ ቀኙን፣ ግራውን፣ ወገቡን፣ ፍየሏን። አባባ በመጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ግን የሳቀው ሳቅ! ሎኮን ጠርቶ በኦሮምኛ ነገራት፤ እሷም መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቷን እየመታች ሳቀች። እኔ ሆድ ባሰኝ። አባባ ይህን ሲያይ ሳቁን ትቶ ተነሳ። ዱላውን ይዞ፣ ጎጆውን ዞሮ፣ ተመልሶ መጣ።

"አየህ? ፍየል ግራዬን በላ። ግራዬ ግን ይሄዳል።"

"ቀኝህ ስላለ ነው" አልኩት። አልተሸነፍኩም።

እንግዲህ የቀረን ትልቁ ብቻ ነበር። ሎኮም ከሳቋ በኋላ ፍየሎቿን ራቅ አድርጋ ማሰር ጀመረች። ትልቁ እንሰት ግን የሚያድግ መሰለ፤ አዲስ ቅጠል እንደ ጥቅልል ወረቀት ከመሐሉ ብቅ አለ። አባባም በዱላ እስከ ሐይቁ ድረስ መሄድ ቻለ። ክረምቱ ሊያልቅ ሲቃረብ አንድ ጠዋት ብነሳ ቀኝ ጉልበቱ የለም። ጉቶው ብቻ ቀርቷል። ዙሪያውን ድስት ድስት የሚያክል የእግር ዱካ።

"ጉማሬ" አለች ሎኮ። አልሳቀችም።

ጮህኩ። ሌባ አልኩት፣ ከዚያ የባሰም አልኩት። አባባ ጉቶውን በዱላው ነካ ነካ አደረገ።

"ተሸክሞ ሄደ?"

"ምን?"

"ጉማሬው። እዚህ በላ ወይስ ተሸክሞ ሄደ?"

"እዚህ በላ።"

"እንግዲህ ሌባ አይደለም። የራበው ይበላል። የተሸከመ ነው ሌባ።"

ኮንጋ ሳለም እንዲህ ነበር የሚለው፤ መንገደኛ ከእርሻው ሸንኮራ ሰብሮ ሲመጥ ቢያየው እያለፈ ሰላም ይለዋል። ግን ይህ ሸንኮራ አይደለም፣ ጉልበቱ ነው። እኔ ስነፋረቅ አባባ የሎኮን ቢላዋ ለመነ። ቁጭ ብሎ የቀረውን ጉቶ ከመሬቱ እኩል ቆረጠው። ከዚያ የቢላዋውን ጫፍ ከትቶ፣ እያዞረ፣ መሐሉን ልቡን ነቅሎ አወጣው። በጉድጓዱ ፍግና አፈር ሞላበትና ቀበረው።

"ገደልከው!" አልኩ።

"ስማ" አለኝ፤ አጠገቡ አስቀመጠኝ። ሎኮም እጇን አጣጥፋ ቆማ ትሰማለች። "ሌላው ተክል ብቻውን ይወልዳል። እንሰት ብቻውን አይወልድም። ሰው ካልነካው ያድጋል፣ ያብባል፣ ይሞታል፤ አለቀ። ሰው ሲቆርጠው፣ ልቡን ሲያወጣው፣ ሲቀብረው ነው ከዚህ ከአንዱ ብዙ የሚወጣው። እንሰት ካየህ እዚያ ሰው አለ ማለት ነው።"

እኔ የሰማሁት "ሲቀብረው" የሚለውን ብቻ ነው።

ምንም ሳይበቅል የመሄጃችን ቀን ደረሰ። አባቴ በጋሽ ከድር መኪና መጣ። ሊሸከመው ሲያጎነብስ አባባ እጁን መታውና በዱላው፣ ቀኙን ትንሽ እየጎተተ፣ በእግሩ እስከ መኪናው ሄደ። አባቴ ዕንባውን ወደ ሐይቁ ዞሮ ጠረገ። አባባ ግን ዓይኑ ከጎጆው ጀርባ ነበር።

"ሎኮ፣ ሲወጡ ለያይተሽ ትከያቸው።"

"ለፍየሎቼ?" አለች፤ ሳቋ ተመልሶ ነበር።

"ከቆመ ላኪብኝ። 'ቆሟል' ብቻ በይኝ፣ ይበቃኛል።"

"እልካለሁ።"

መኪናው ሲንቀሳቀስ ዞሬ ያየሁት ያንን ባዶ ጉብታ ነው። የአባባ ቀኝ ጉልበት እዚያ ተቀብሮ ቀረ አልኩ። በኋላም ቀኝ እግሩን ሲያነክስ ባየሁ ቁጥር ምክንያቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ከሎኮ ግን ምንም መልእክት አልመጣም። አባባም ጋሽ ከድርን መንገድ ላይ ሲያገኝ "ከሐይቁ ምን ወሬ አለ?" ማለቱን አልተወም።

ይህን ሁሉ ነበር ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ የማስበው። አንድ አስተናጋጅ ልጅ በቅጠል የተጠቀለለ ትኩስ ዓሣ ተሸክሞ ሲያልፍ ክንዱን ያዝኩት።

"ይሄ ቅጠል ከየት ነው?"

"ከጓሮ ነው እቴ። የሙዝ ቅጠል ነው።"

"ሙዝ?" የጌዴኦ ደሜ ፈላ። "ይሄ ሙዝ ነው?"

"ማለቴ፣ ፍሬ የማይሰጥ ሙዝ። የአያቴ ነው። ሰው ሁሉ የሚመጣው ለዚህ ዓሣ እኮ ነው።"

ግንቡን ዞርኩ። ከጀርባው ቆመው ነበር። ትልልቆቹ ግንቡን ሊያክሉ ጥቂት የቀራቸው፣ መካከለኞቹ በረድፍ፣ ታች ደግሞ ገና የተተከሉ ሕፃናት፤ ሥራቸው በእርጥብ ቅጠል የተሸፈነ፣ ልክ አባባ እንደሚሸፍነው። ዓይኔን አላምን አልኩ። እንሰት ብቻውን አይወልድም። እዚህ ሰው ነበር።

ጥላው ሥር አንዲት ረጅም አሮጊት ቁጭ ብላ ቅጠል ትሰነጥቃለች። ቀና ብላ አየችኝ።

"አንተ የማን ልጅ ነህ?"

"አንተ" ስትለኝ ሎኮ መሆኗን አወቅኩ። "የጅግሶ የልጅ ልጅ ነኝ" አልኳት።

ቢላዋዋን አስቀመጠች። "የጉልበቱ ልጅ!" ብላ ጮኸች፤ ያ ሳቅ፣ ጥርሷ ቢጎድልም፣ ያው ራሱ ነው። አቅፋ ሳመችኝ፤ ደግማ ሳመችኝ።

በተሰባበረ አማርኛዋ ነገረችኝ። እኛ ሄደን ሳይቆይ ጉብታው ተሰንጥቆ ችግኞቹ እንደ ጫጩት ተንጫጭተው ወጡ። ለፍየሎቹ ልትሰጣቸው አስባ ነበር፤ "ግን እኔ ስስቅበት ጅግሶ አልተቀየመኝም" አለች። "የማይቀየም ሰውን ነገር መጣል ይከብዳል።" ለያይታ ተከለች፤ ማበብ ሳይጀምሩ እየቆረጠች፣ ልባቸውን እያወጣች፣ እየቀበረች አበዛቻቸው። ዝናቡ እምቢ ብሎ ፍየሎቹ ያለቁ ጊዜ ሥራቸውን ቆፍራ፣ በጨርቅ ቋጥራ፣ ያን የሚንተከተክ ጉድጓድ ውስጥ ቀቅላ ልጆቿን አበላች። "ይሄ ዓሣ የሚጠብሰው ልጅ አባት" አለች ወደ ወጥ ቤቱ እየጠቆመች፣ "በዚህ ነው የተረፈው።"

ወደ ወጥ ቤቱ ዞሬ አየሁ። አባባ ጉልበቱን ሊታከም የመጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ራሱም እንደዚያ ነበር የመሰለው።

"ለምን አልላክሽም?" አልኳት በመጨረሻ። "ሲጠብቅ ነበር እኮ።"

ፊቷ ጠቆረ። "ከድር መምጣት ተወ። ስልክ የለም፣ የሚሄድ ሰው የለም። እስከ ዛሬ ይሄ መልእክት እዚህ አለ" አለች ደረቷን እየነካች። "አንተ ንገረው። ቆሟል በለው።"

"እማማ ሎኮ፣ አባባ ካረፈ ቆየ።"

ቅጠሏን አነሳች፣ ሰነጠቀች፣ አስቀመጠች።

"ቢሆንም በለው" አለች።

ብርቱካን ፈልጋ ስታገኘኝ ከሕዝቡ መሐል፣ በስፒከሩ ሥር፣ ዓሣዬን ጨርሼ ቅጠሉን በጣቴ እየጠረግኩ ነበር። ያቺ ፎቶ የምትነሳዋ ወጣት አጠገቤ ተቀምጣ ጣቷን ትልሳለች። "አስቴር፣ ተሻለሽ?" አለችኝ ብርቱካን። ተሻለኝ። እንዲያውም ሌላ መኪና ሲገባ ባየሁ ቁጥር ቅጠሉ ይበቃ ይሆን ብዬ እሰጋ ነበር እንጂ ከሕዝቡ ጋር ጠብ የለኝም።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎቹ ከሞተ ሰው ጋር አወራች ቢሉኝም ይበሉኝ፤ መልእክት አደራ ነው።

አባባ፣ ቆሟል። እንግዶችህም እየበሉ ነው። ተሸክሞ የሄደ የለም።